ሲቲናና አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች

ሲቲና ይመር የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ከኦሎምፒክ መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ አፓርትመንት ውስጥ፣ ከልጇ ከኢማድ ጋር ትኖራለች። ኢማድ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አላገባም፤ ይህ ጉዳይ ቤት ውስጥ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ዓርብ ይነሳል።

ሲቲና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ጉልበቷ እምቢ አላት። ሐኪሙ ራጅዋን አይቶ፣ “ተቀምጠሽ የምትሠሪው ሥራ ፈልጊ” አላት። ተቀምጦ የሚሠራ ምን ሥራ እንዳለ ስትጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ “ስልክ” አለ።

የስልኩን ሥራ ያገኘችላት ዶርካስ ናት። ዶርካስ በዘጠኝ ዓመቷ አሜሪካ የገባች፣ ካልቨር ሲቲ ውስጥ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ድርጅት ውስጥ ሱፐርቫይዘር የሆነች ልጅ ናት። እናቷና ሲቲና ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ሱቅ በርበሬ ይገዛሉ፤ ትውውቁ በዚያ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ይደውላል፤ ሰው ያነሳል፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንድም ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያነባሉ፤ ሰውየው ይዘጋል። ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ ይዘጋል። ድርጅቱም ይህን ያውቃል፤ ዕቅድ ውስጥ የገባ ነገር ነው።

በፈረንጆቹ 2024፣ የካቲት ላይ ድርጅቱ ከቴልፎርድ ካውንቲ ሥራ ወሰደ።

ቴልፎርድ ካውንቲ፣ ወረዳ እንደ ማለት ነው፣ ምሥራቅ ኦሬገን ውስጥ ነው። ስፋቱ ሊባኖስን ያህላል፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። የሚኖርበት ሰው ግን አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ የሚዞረው ሰው ይህን ያህል ሳይሆን አይቀርም። ከብቱ አርባ አንድ ሺህ ነው። ከብቶቹ ድምፅ አይሰጡም፤ ከዚህ በስተቀር የካውንቲው ነገር ሁሉ የሚዞረው በእነሱ ነው። የትራፊክ መብራት የለም። ሸሪፉ ሁለት ምክትሎች አሉት፤ አንደኛው ወንድሙ ነው። ክሊኒኩ ማክሰኞና ሐሙስ ይከፈታል፤ ሰዉም ይህንን አውቆ ይታመማል።

ካውንቲውን የሚያስተዳድሩት ሦስት ኮሚሽነሮች ናቸው። በዚያ ዓመት ሊስማሙ ያልቻሉበት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ሰዉ እየቀነሰ፣ ቢሮዎቹን የሚሞላ እየጠፋ ስለሆነ፣ ቴልፎርድ ፈርሶ በምሥራቅ በኩል ካለው ትልቅ ካውንቲ ጋር ይቀላቀል ወይስ እንዳለ ይቀጥል? ጉዳዩ ኅዳር ላይ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። ከዚያ በፊት የሰዉን ልብ ለማወቅ ፈለጉ። ከስድስት መቶ አርባ ቤት የአራት መቶው መልስ ያስፈልጋል ተባለ። ዶርካስ ይህንን ስትሰማ፣ “አይቻልም” አለች፤ ከዚያ ሥራውን ለሰባት ሠራተኞች አከፋፈለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሲቲና ስክሪኑን እያነበበች ስልክ ሲዘጋባት ዋለች። በሦስተኛው ቀን አንድ ወንድ አነሳ። እሷ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ከሰውየው ድምፅ ኋላ ላም ሰማች። የደህና ላም ጩኸት አልነበረም።

“ላሟ ምጥ ላይ ናት?” አለችው።

ሰውየው መልሶ ጠየቃት። “ማን ነሽ አንቺ?”

“ሲቲና እባላለሁ። ከሎስ አንጀለስ ለሰርቬይ ነው የምደውለው።”

“ቲና፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ናት። የመጀመሪያዋ ነው። ጥጃው በኋላ እግሩ ነው የመጣው።”

“እንግዲያው ስልኩን አስቀምጠውና ሂድ። እጠብቅሃለሁ። ደግሞ ስታምጥ ጠብቀህ ሳብ፤ ዝም ብለህ አትጎትት።”

ሃያ ሁለት ደቂቃ ጠበቀች። ሰውየው እያለከለከ ተመለሰና፣ “ወንድ ነው” አለ። ከዚያ፣ “በይ ጠይቂኝ” አለና ሠላሳ አንዱንም ጥያቄ መለሰ። ስሙ ዌይን ነው። ከሦስቱ ኮሚሽነሮች አንዱ መሆኑን የነገራት ጥያቄ ሃያ ስምንት ላይ ሥራውን ስትጠይቀው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቲና በቴልፎርድ ቲና ሆነች። ስሟን አላረመችም፤ ስሟን ማረም ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም።

በእረፍት ሰዓት ዶርካስ መጣች። “እትዬ ሲቲና፣ ሪኮርዲንጉን ሰማሁት። ሃያ ምናምን ደቂቃ ላም ስታዋልጂ ነው የሚሰማው።”

“እኔ አላዋለድኩም። እሱ ነው ያዋለደው።”

“ስክሪፕቱ ላይ የለም እኮ!”

“አውቃለሁ። አንዱንም ጥያቄ ግን አልዘለልኩም።”

“ሶ… ዛሬ ስንት ኮምፕሊት አደረግሽ?”

“አሥራ አንድ።”

ሌሎቹ ስድስት ሠራተኞች ተደምረው እስከ መጨረሻው ያስመለሱት አራት ሰው ነው። ዶርካስ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ አረጋገጠችና፣ “ኦኬ። ብቻ አሳጥሪው” ብላ ሄደች።

ሲቲና ያደረገችው አዲስ ነገር አልነበረም። አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ወሎ ውስጥ አስተማሪ ነበረች፤ በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ጊዜም ቆጣሪ ሆና ሁለት ቀበሌ በእግሯ ዞራለች። ደጃፍ ላይ ቆሞ “ስንት ናችሁ?” ብሎ የሚጀምር ቆጣሪ መልስ እንደማያገኝ ያኔ ነው የገባት። መጀመሪያ ዝናቡ ይጠየቃል፤ ከዚያ ከብቱ፤ ከዚያ ልጆቹ። በመጨረሻ ሰዉ ራሱ፣ “ለምን ነበር የመጣሽው?” ይላል። ቴልፎርድ ላይም ያንኑ አደረገች። እንዴት ዋሉ፣ በረዶው እንዴት ነው፣ ድርቆሹ እስከ ፀደይ ያደርሳል ወይ፣ ጥጆቹ ደህና ናቸው? ከሎስ አንጀለስ ደውሎ ስለ ድርቆሽ የሚጠይቅ ሰው በካውንቲው ታይቶ አይታወቅም። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች ስልክ አንስተው ሌላ ሠራተኛ ሲሆንባቸው፣ “ቲናን አገናኘኝ” ማለት ጀመሩ።

ሲቲና የካውንቲውን ትልቅ ካርታ አሳትማ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ኢማድ እራቱን ሶፋ ላይ መብላት ጀመረ። ካርታው ላይ ካውንቲው መሃል ለመሃል በተራራ ተከፍሏል። ከላይ በኩል ነፋስ የበዛበት፣ ቤቶቹ የተራራቁ ሜዳ፤ ከታች በኩል ወንዝ፣ የመስኖ መሬት፣ ድንችና ዋና ከተማው ሬድ ዊሎው። ሰዎቹ ለሁለቱ ቦታዎች ረዥም ስም አላቸው፤ ሲቲና ግን በእርሳስ ደጋ እና ቆላ ብላ ጻፈችባቸው። ደጋው አምስት መቶ አሥር ሰው፣ ቆላው ዘጠኝ መቶ ሁለት። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ የተራራ በር ሲሆን ክረምት በበረዶ ይዘጋል።

በምርጫ ከአሥር ሰው ስምንቱ የሚመርጠው አንዱን ፓርቲ ነው። ሲቲና መጀመሪያ ፖለቲካቸው በዚህ ያለቀ መስሏት ነበር። በኋላ ግን ፓርቲው የዋሽንግተን ጉዳይ እንደሆነ ገባት። የካውንቲው ፖለቲካ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ነው። መኪናው አንድ ነው። የሚያድረው ቆላ ነው። ደጋዎቹ፣ ተራራውን ወጥቶ እስኪደርስልን ልጆቻችን ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ይቀራሉ ይላሉ። ቆላዎቹ፣ ብዙው ሰው እዚህ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለት ሸሪፍ ከሥልጣን አውርዷል፤ አንድ ሠርግም አፍርሷል። መቀላቀሉን ደጋዎቹ የሚደግፉት፣ የጎረቤት ካውንቲ መጥረጊያ ስለሚቀርባቸው ነው። ቆላዎቹ የሚቃወሙት፣ ፍርድ ቤቱና የቢሮ ሥራው አብሮ ስለሚሄድባቸው ነው። ሲቲና የመጣችበት ወረዳ አንድ የውኃ ፓምፕ ነበረው፤ ስለዚህ ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም።

በመጋቢት መጀመሪያ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ መልስ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ ነው ማርጅን ያገኘቻት። ማርጅ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ደጋው ላይ ብቻዋን ትኖራለች። አርባ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች። ከዚያ በፊት ስድስት ጊዜ ተደውሎላት ስድስት ጊዜ ዘግታለች።

እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ሲቲና በየዓረፍተ ነገሩ ፊትና ኋላ “ማም” ታስገባለች። ማርጅ ይህንን ትንሽ ሰማችና፣ “ጦር ሠራዊት ውስጥ ነበርሽ?” አለቻት።

“አይ ማም፣ አስተማሪ ነበርኩ፣ ማም።”

“አንቺ ነሽ ቲና?”

“አዎ፣ ማም።”

“ዌይን ጥጃውን በስምሽ ጠርቶታል። ወንድ ነው፣ ግን ጠርቶታል። እሺ ጠይቂኝ።” ጥያቄዎቹ ሲያልቁ ማርጅ፣ “ኮተንዉድ መንገድን ጠየቃችኋቸው?” አለች።

ሲቲና ዝርዝሯን አየች። ካርታውን በልቧ አስታወሰች። በደቡብ ጫፍ ኮተንዉድ የሚል መንገድ አለ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን አንድም ቤት የለውም።

“እዚያ ሰው አለ እንዴ፣ ማም?”

“በአውቶቡስ ያመላለስኳቸው ልጆች ዛሬ አያት ሆነው እዚያ ይኖራሉ። ሠላሳ ቤት ይሆናል። ፖስታቸው የሚመጣው ከጎረቤት ካውንቲ ስለሆነ ሁሉም ሰው ይረሳቸዋል።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። ድርጅቱ የስልክ ቁጥሮቹን የገዛው ከሌላ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ቤቶቹን የለየው በፖስታ ቁጥር ነው። የኮተንዉድ ሰዎች ደግሞ በፖስታ ቁጥራቸው የሌላ ካውንቲ ሰዎች ናቸው። ሲቲና በማግስቱ ለዶርካስ ነገረቻት።

“እትዬ፣ ሊስቱ ላይ ከሌሉ ለኛ የሉም” አለች ዶርካስ።

“ቤት አላቸው፣ በር አላቸው። ማርጅ የውሾቻቸውን ስም ሁሉ ነግራኛለች።”

“አራት መቶ ሞልቷል። ፕሮጀክቱ ክሎዝ ሆኗል። ሪፖርቱ ተልኳል፤ ሃምሳ ሁለት በመቶ ይቀላቀል ብሏል። አለቀ።”

ሲቲና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በ1987 ቆጠራ ላይ መንገድ መሪዋ፣ ከገደሉ ማዶ ሰው የለም ብሏት ነበር። ጭስ አይታ ተሻገረች። ዘጠኝ ቤት አገኘች። በአንደኛው ቤት ከወለደች ሁለት ቀን የሆናት ሴት ነበረች፤ ሴትየዋ ልጁን እያሳየቻት፣ “ስም አልወጣለትም፤ ይቆጠራል ወይ?” አለቻት። ተቆጠረ። ሲቲና ይህንን ታሪክ ለማንም አትናገርም። ኢማድ የሰማው በዚያ ሳምንት ነው፤ የሰማውም እናቱ መኪናውን ስለፈለገች ነው።

“እማ፣ ኦሬገን እኮ ነው! አሥራ አራት ሰዓት ድራይቭ ነው!”

“ዒዱ ካለፈ በኋላ ሦስት ቀን እረፍት አለህ።”

“ለመተኛት ነበር።”

“መኪና ውስጥ ተኛ። እኔ እነዳለሁ።”

ኢማድ እናቱ ስትነዳ መተኛት ስለማይችል እሱ ነዳ። ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ካርቶን ውኃ ጭነው በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ወጡ። ሬኖ አደሩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ሬድ ዊሎው ገቡ። ከተማው አንድ መንገድ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ምግብ ቤት ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ አሥር ያህል ሰው ነበር፤ ሻሽ ያሰረች ሴትና ፂማም ልጇ ሲገቡ ሁሉም ሹካውን አስቀምጦ አያቸው። ኢማድ ወደ መኪናው ለመመለስ ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ አየ።

ሲቲና አስተናጋጇን፣ “እንደምን ዋልሽ፣ ማም? ሥጋ የሌለበት ምን አላችሁ?” አለቻት።

ከኋላ ወንበር ተንሸራተተ። “ቲና?”

ዌይን ነበር። በስልክ ድምፁ የግዙፍ ሰው ድምፅ ነው፤ ሰውየው ግን እስከ ትከሻዋ ቢደርስ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እጇን ጨበጠ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፤ ከዚያ ሌላው። ሲቲና ፊታቸውን አታውቅም፤ አንድ ቃል ሲናገሩ ግን እያንዳንዳቸውን ታውቃቸዋለች። የወገብዎ ነገር እንዴት ሆነ፣ ልጅቷ ከኮሌጅ ተመለሰች ወይ፣ ጉድጓዱ ውኃ አወጣ? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ በስልክ ደውላ ያልጠየቀቻቸው ሁለት ሰዎች ተቀይመው ነበር።

“እማ” አለ ኢማድ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ “እነዚህን ሰዎች ከየት ነው የምታውቂያቸው?”

“ከሥራ” አለች።

አንድ ሰው፣ ዌይን ስለ መጥረጊያው መኪና ምን ብሎ እንደመለሰላት ጠየቃት። “እሱን አልናገርም፣ ጌታዬ። እርስዎ የመለሱልኝንም ለእሱ አልነግርም” አለች። ሰውየው አንገቱን ነቀነቀና የበሉበትን እንዳታስከፍላቸው አስተናጋጇን አስጠነቀቀ፤ ሒሳቡን እሱ ይዞታል።

ከሰዓት በኋላ ማርጅ በፒክአፕ መኪናዋ መጣችና ወደ ኮተንዉድ ወሰደቻቸው። ማርጅ ቀጭን፣ ረዥም፣ ቀኝ ዓይኗ የደፈረሰ ሴት ናት፤ ሆኖም መሪውን ለኢማድ አልሰጠችም። መንገዱ ጠጠር ነው። ሲቲና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከቤት ቤት ሄደች። ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፤ ከዚያ ስንት ናችሁ? ሠላሳ አንድ ቤት፣ ሰባ አራት ሰው። አንዷ የሦስት ሳምንት ሕፃን ነበረች። አሥራ አንዱ ከሜክሲኮ ለድንች ሥራ መጥተው የቀሩ ናቸው። በመጨረሻው ቤት ሰውየው በር አልከፈተም፤ በመስኮት ግን፣ “አንድ!” ብሎ ጮኸ። አንድ ተብሎ ተጻፈ።

ስለ መቀላቀሉ ሲቲና አንዳቸውንም አልጠየቀችም፤ ያ የድርጅቱ ሥራ ነው። አንዲት ሴት ግን ሳትጠየቅ፣ “ፖስታችንን የሚያደርስልን ካውንቲ መንገዳችንን ጠርጎልን አያውቅም። ቴልፎርድ ግን ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል” አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሲቲና ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀድዳ ለዌይን ሰጠችው። ገጹ ላይ የቤቶቹ ቁጥርና የሰዎቹ ብዛት ብቻ ነው ያለው። ዌይን የደጋ ሰው ነው፤ መቀላቀሉን ይፈልጋል፤ ሃምሳ ሁለት በመቶው የእሱ ወገን ነበር፤ ኮተንዉድ ግን ያለው ቆላ ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና፣ “ይሄ ለኔ ጥሩ አይደለም” አለ። ከዚያ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጮክ ብሎ አነበበው። ኮሚሽነሮቹ ሪፖርቱን ለድርጅቱ መለሱት።

ሲቲና ከሥራ የተባረረችው በምስጋና ነው። አንዲት የሬድ ዊሎው ሴት፣ “ቲናን በአካል ስለላካችሁልን እናመሰግናለን” ብላ ለድርጅቱ ኢሜይል ጻፈች። ሠራተኛ መልስ ከሰጡ ሰዎች ጋር ከሥራ ውጭ መገናኘት አይችልም፤ ሲቲና የፈረመችበት ውል አራተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። ዶርካስ ትንሿ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት።

“እትዬ፣ ሄደሻል?”

“ሄጃለሁ።”

“አልሄድኩም ብትይኝ እኮ…”

“ዶርካስ፣ ሄጃለሁ። ፊርማዬ ነው፣ አየሁት። ልክ ናችሁ።”

ዶርካስ አለቀሰች። ሲቲና ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻት፤ ወረቀቱን ፈረመች፤ ኩባያዋን ይዛ ወጣች።  ለኢማድ የነገረችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሦስቱንም ቀን በሰዓቷ ለብሳ ወጥታ ፓርክ ውስጥ ተቀምጣ ውላለች።

ድርጅቱ ኮተንዉድን መጠየቅ ነበረበት። ሥራው ዑራኤል ለሚባል፣ ታክሲ መንዳት ትቶ ለገባ ሰው ተሰጠ። ዑራኤል በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ቤት ደወለ። አሥራ ሰባቱም፣ “ቲና የት አለች?” አሉት። ዑራኤል ለመዋሸት የማይችል ሰው ስለሆነ፣ “ተባራለች” አለ። አሥራ ሰባቱም ዘጉ።

ከሳምንት በኋላ ዶርካስ ደወለች። “እትዬ ሲቲና፣ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ለስድስት ቀን ብቻ።”

ኢማድ አጠገቧ ነበር። “እማ፣ ኖ በያቸው!” አለ። ሲቲና ስልኩን በእጇ ሸፈነች። “ለእነሱ ብዬ አይደለም” አለችው። “ሰዎቹ ሳይጠየቁ ሊቀሩ ነው።”

ስድስት ቀን ሠራች፤ ከሠላሳ አንዱ ቤት ሃያ አራቱ መለሱ። ሁለቱ ይቀላቀል አሉ፤ ሃያ ሁለቱ አይቀላቀል። አጠቃላዩ ሁለት መቶ አሥር ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ። በሰባተኛው ቀን ሥራዋ እንደገና አበቃ፤ በዚህኛው ጊዜ ኬክ ነበረ።

ኅዳር ላይ ሕዝቡ በፖስታ ድምፁን ሰጠ። ቴልፎርድ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ እንዳለ ቀረ። የመጥረጊያው መኪና አሁንም ቆላ ያድራል። ዌይን ተሸነፈ፤ በዚያው ምርጫ ግን ኮሚሽነርነቱን ቆላዎቹም ጭምር መርጠውት አሸነፈ፤ ለምን እንደመረጡት እሱም እነሱም አያነሱትም።

ታኅሣሥ ላይ ለሲቲና ከካውንቲው ጸሐፊ ደብዳቤ መጣላት። በካውንቲው የመሬት ቀያሽ የሚባል በምርጫ የሚያዝ ሥልጣን አለ፤ በዚያ ዓመት ማንም አልተወዳደረበትም፤ ቦታው ባዶ ሲሆን መራጩ የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ መሬት የሚለካውም ሕዝብ የሚጠይቀውም በአንድ ቃል፣ ሰርቬየር፣ ሊባል ይችላል። ስድሳ ሦስት ሰው “ቲና” ብሎ ጽፏል። ደብዳቤው ይህንን ካብራራ በኋላ፣ ወይዘሮዋ የካውንቲው ነዋሪ ስላልሆኑና የቀያሽነት ፈቃድ ስለሌላቸው ሥልጣኑን ሊረከቡ እንደማይችሉ በአክብሮት ይገልጻል። ሲቲና አንብባ ጨርሳ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ውኃው ለረዥም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ። ስትወጣ ኢማድን፣ “ፈቃዱን ለማግኘት ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል?” ብላ ጠየቀችው። አራት ዓመት ነው። ተወችው። ከዚያ ቫን ናይስ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ሕመምተኞችን የምትመዘግብ ሆና ተቀጠረች፤ ጠዋት ጠዋት የምትመዘግባቸው ሰዎች ሌሎቹ መዝጋቢዎች ጋ ከሚቆዩት ይልቅ እሷ ጋ ይቆያሉ።

በፀደይ ማርጅ ዓይኗን ልትታከም ሎስ አንጀለስ መጣች። ቦይዚ የሚባለው ከተማ ይቀርባት ነበር፤ “ቦይዚ ግን ማንንም አላውቅም” አለች። የኢማድን ክፍል ለቀቁላት፤ ኢማድ ሶፋ ላይ ተኛ። ሕክምናው ደህና ሆነ። ማርጅ ዓይኗ ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛ ተለጥፎላት ፌርፋክስ ላይ ከሱቁ ደጃፍ ወንበር ተሰጥቷት ተቀመጠች፤ እንደ አገሯ ልማድ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም አለች። መጀመሪያ ሰዎች አንድ ነገር የምትሸጥ መስሏቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ባለሱቆቹ፣ “እትዬ ማርጅ እንደምን አደሩ?” ይሏት ጀመር። የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

በስድስተኛው ቀን ከሲቲናና ከኢማድ ጋር ተቀምጣ፣ “ይሄ ካውንቲ ስንት ሰው አለው?” አለች።

“አሥር ሚሊዮን ገደማ” አለ ኢማድ።

“ኮሚሽነሮቹስ?”

ሁለቱም አያውቁም። ኢማድ ስልኩን ከፍቶ ፈለገ። “አምስት።”

ማርጅ በልቧ አካፈለች። “ሁለት ሚሊዮን ለአንድ። መንገድ ሲበላሽ ማን ቤት ትሄዳላችሁ?”

“የትም አንሄድም። አፕ አለ። ሪፖርት ታደርጊያለሽ፣ ቁጥር ይሰጡሻል።”

“ቁጥሩ ምን ያደርጋል?”

“ምንም” አለ ኢማድ።

ማርጅ ወደ ሲቲና ዞረች። “ያንቺ ኮሚሽነር ስሙ ማን ነው?”

ሲቲና የቴልፎርድን ሦስት ኮሚሽነሮች በስም ታውቃለች፤ የዌይንን የደም ግፊት ጭምር። እዚህ አሥራ ሰባት ዓመት ኖራለች። “አላውቅም፣ ማም” አለች።  አንድ ሰው አለፈ፤ ማርጅ ሰላም አለችው።

ማርጅ ከሄደች በሁለተኛው ሳምንት ሲቲና ከሥራ ስትመለስ ልብሷን ቀይራ ወደ ሰፈሩ ምክር ቤት ስብሰባ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ከአባላቱ ሌላ አራት ሰው ነበር። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ለአስተያየት የመጣች መስሎት ማይክሮፎኑን ሰጣትና አቤቱታዋ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

“አቤቱታ የለኝም። ማን ማን እንደሆናችሁ ለማወቅ ነው የመጣሁት” አለች።

አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ስማቸውን ነገሯት፤ እሷም በደብተሯ ጻፈች። አጀንዳው የመንገድ ዳር ዛፎች ነበር። እስከ መጨረሻው ቆየች።